ግድግዳ የሚሰማበት ሰፈር

ቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) እና ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች የመፈለግ ሥራውን ስጀምር በጣም የኮራሁት በሰደርያዬ ነበር። ጀርባው ላይ ስለ ኤችአይቪ የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ አለው። እሱን ለብሼ ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርኩ። በር የሚከፍትልኝ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና "ልጄ፣ አንቺ ከዚህ ቤት ስትወጪ ሰዉ ስለኔ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰፈር ጎረቤት ሲያስነጥስ ከራስ አልጋ ላይ ሆኖ "ይማርህ" ማለት ይቻላል። ግድግዳው የጋራ ነው።

ሰደርያውን አወለቅኩ። አጀማመሬንም ቀየርኩ፤ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳል ሆነ። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል አለ? ትኩሳትስ? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል? ስለ ኤችአይቪ የምናወራው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ፣ ቀስ ብለን ነው። አንድም በር አልዘልም። ሁሉም ቤት ከተንኳኳ የማን ቤት ተፈልጎ እንደተመጣ አይታወቅም። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ ሳሉ ትናንት የጀመረ ቢሆንም ይመረመራል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ለቲቢ ምርመራ አክታ መሰብሰብ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ዕቃውን ሰጥቼ "ጠዋት አምጡልኝ" ብዬ እሄዳለሁ። የሚመጣልኝ ምራቅ ነው። ስለዚህ እያደረግኩ ማሳየት ጀመርኩ፦ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ከዚያ ከደረት ስቦ ማሳል። ይሄ ሁሉ ደጅ፣ አየር ባለበት፣ ሰው በሌለበት ነው። በዚያ ሰፈር ሰው የሌለበት ጥግ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአንድ ወጣት ነገር ነው። የቲቢ መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ቀን አቋረጠ። ሽንቱ ቀላ፣ ደም መሰለው። የጋራ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አይቶ ስለጠየቀው ደግሞ ይባስ ደነገጠ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ የቀለሙ መለወጥ ጉዳት የለውም። ማንም አልነገረውም፤ ማለትም እኔ አልነገርኩትም። ደግነቱ ቶሎ አገኘሁትና ወደ ጤና ጣቢያው ይዤው ተመለስኩ።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ሰው ግን ገና በሁለተኛው ወር ሳሉ ይተወዋል፣ ሥጋ ይለብሳል፣ "ድኛለሁ" ብሎ ኪኒኑን ይረሳል። ድሮ ይህን ስሰማ ምክር አዥጎደጉድ ነበር። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኪኒኑን የት ነው የምታስቀምጠው? አንዱ አብሮት የሚኖረው ጓደኛው እንዳያይበት ሥራ ቦታ ደብቆት፣ ሥራ በሌለ ቀን ሁሉ ሳይወስድ ይውላል። እኔ እኮ ሰነፍ ነው ብዬ ነበር።

ሰደርያው እስካሁን አለ። ሲበርደኝ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጬ እለብሰዋለሁ።