አቦሉ ፈላ፣ ቶናው ቀረ

ቅዳሜ ዕለት ጣና ላይ ከሚንሳፈፈው አረም፣ ከእምቦጭ፣ እና ከእበት ባወጣሁት ጋዝ ቡና ፈላ። አቦሉ ብቻ። ቶናው ላይ እሳቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ እናቴ በከሰል ጨረሰችው። «ይኸ ሁሉ ልፋት ለአንድ አቦል ነው?» አለችኝ። ከስድስት ወር በፊት ጋዙ ክብሪት ቢጫርበት እንኳ አይቀጣጠልም ነበርና ለእኔ ድል ነው።

ቤታችን ፎገራ ነው፣ ጣና ዳር። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ከባሕር ዳር አመጣሁ፣ ማስገቢያና ማስወጫ ቱቦ ገጠምኩለት፣ ለጋዙ ማጠራቀሚያ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ አሰርኩ። እበት በእኩል ውሃ በጥብጬ ሞላሁት። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይቀጣጠልም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ደፍቼ እንደ አዲስ ጀምሬአለሁ።

ጣጣው የመጣው እምቦጩን ስጨምር ነው። በርሜል ውስጥም ይንሳፈፋል! ግንዱ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላው ነው። በገጀራ ከተፍኩት፣ ተንሳፈፈ። ድንጋይ ጫንኩበት፣ በጎን በጎን ወጣ። በአሥረኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ላዩ እንደ ቂጣ ደርቋል፤ በዱላ ስነካው ቋ ይላል። ጋዙ ከሥሩ ታፍኖ እበቱን በማስወጫው ይገፋዋል። ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ አየር እያስገባሁ ሜቴን (የሚነደውን ጋዝ) የሚሠሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን እጎዳ ነበር።

መላው የተገኘው ከእናቴ የበርበሬ ሙቀጫ ነው። ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት። እምቦጩን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አጠወልገዋለሁ፣ ከዚያ አየሩ እስኪወጣ እወቅጠዋለሁ፣ ከእበት ጋር ለውሼ አሳድረዋለሁ። አንድ ጣሳ እምቦጭ ለሁለት ጣሳ እበት። ጠዋት ባልዲው ውስጥ ሰጥሞ ሳገኘው ብቻዬን ጮህኩ። ሙቀጫው አሁን የእኔ ነው፤ ሌላ ገዝቼላታለሁ።

እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ «ወደ ነዳጅ እንቀይረውና ሐይቁ ይጽዳ» የሚል ወሬ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 100 ኪሎ ተሸክማችሁ የምታገኙት ደረቅ ነገር 10 ኪሎ አይሞላም። የጓሮ በርሜል ሐይቅ አያጸዳም፣ ቡና ያፈላል።

ለምትሞክሩ፦ ሥሩን ቁረጡና ጣሉ፣ ጭቃ ነው። አበባ ያወጣውን አትንኩ። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከበርሜሉ የሚወጣውን ዝቃጭ ሩዝ ማሳ ላይ ስታፈሱ እምቦጭ ዘራችሁ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አፍስሻለሁ፣ ማሳውን በየሳምንቱ እየዞርኩ አያለሁ። ጋዙ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ቱቦው ውስጥ የዛገ ሽቦ ጠቅጥቁ። በርሜሉ አፍ ላይ ክብሪት አትጫሩ። የእኔ ግራ ቅንድብ ገና እየበቀለ ነው።

አሁን የቀረኝ ብርዱ ነው። ተሕዋስያኑ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የእኛ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። በርሜሉን በሩዝ ገለባ ከበብኩት። ጋዙ ትንሽ ጨምሯል መሰለኝ። ዶሮዎቹም እዚያው እንቁላል መጣል ጀምረዋል።