ከእሬት ወደ እንሶስላ

የእህቴ ልጅ አምስት አመቷ ነው። ጥቅምት አካባቢ አንድ ማታ ሂሳብ እየሰራሁ ቀና ስል በርጩማዋን አጠገቤ አስጠግታ፣ የግራ አውራ ጣቷን ጥርሷ መሀል አስገብታ ልክ እንደኔ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥፍሯን ትቆረጥማለች። ማንም አላስተማራትም፣ እኔን አይታ ነው። ያን ቀን ልቤ ስብር አለ።

እኔ ጥፍር መብላት መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም፣ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ጣቶቼ እንዳይታዩ ጨብጬ እጅ አወጣ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አሁን 29 አመቴ ነው። ጥፍሩን የሚበላ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ጥፍሩ ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ የጣት ጫፍ ክፍት ቁስል ይሆናል፣ እንጀራውን ቆርሰህ ቀይ ወጥ ስታጠቅስበት በርበሬው ገብቶ እስከ ክርንህ ይነዝርሀል። አንዴ የመሀል ጣቴ ዳር አብጦ መግል ይዞ ክሊኒክ ተከፍቶልኛል። ደሞ ስራዬ ቡና ነጋዴ ጋር ሂሳብ ያዥ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብር እቆጥራለሁ፣ ያ በስንት ሰው እጅ ያለፈ ብር የነካው ጣት ነው እንግዲ አፌ ውስጥ የሚገባው።

እማዬ ያመጣችው መፍትሄ እሬት ነበር። እኛ ቤት ልጅ ጡት የሚጥለው በእሬት ነው፣ እናትየው ጡቷን ትቀባለች፣ ህፃኑ አንድ ሁለቴ ቀምሶ ፊቱን አጨማዶ ይተዋል፣ እኔም እንደዛ ነው የጣልኩት። እና እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ሲሰሩበት የኖሩት ይሄ ነገር ሳይኮሎጂ ላይ ኮንዲሽኒንግ የሚባለው ነው። በምግብ መፈጨት ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ራሺያዊው ፓቭሎቭ ውሾቹ ምግቡን ሳይቀምሱ ገና ምልክቱን ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚመጣ አስተዋለ፣ ሁለት ነገር ደጋግሞ አብሮ ከመጣ አንዱ ሌላውን ይጠራል ማለት ነው፣ እሬቱም ጡቱንና ምሬቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ፋርማሲ የሚሸጡት የጥፍር ቀለም የሚመስሉ መራራ ቅቦችም ሀሳባቸው ያው ነው፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዴናቶኒየም የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ስኮትላንድ የተገኘ ከመራራም መራራ ነገር ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ተቀባሁ። ችግሩ እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። ታጥቤ እቀርባለሁ፣ ምሬቱ ግን ጥፍር ስር ተደብቆ ይቀራል፣ በደንብ ፈትጌ ካስለቀቅኩት ደሞ ከምሳ በኋላ ጣቴ ንፁህ ነው እና መብላት እችላለሁ። አንድ እሁድ እማዬን አጎረስኳት። አላመጠች፣ ትንሽ ቆም አለች፣ ዋጠችው፣ ከዛ ውሀ ጠጣች፣ ምንም አላለችኝም። የኔ ጉርሻ እናቴን እንዳመረራት ከፊቷ አየሁት። ከዛ በኋላ እሬቱን ድጋሚ አልነካሁትም። እጄ ላይ ላስቲክ አስሬ ጣቴ አፌ በደረሰ ቁጥር ሳብ አድርጎ መልቀቅም ሞክሬአለሁ፣ አንጓዬን አቀላው እንጂ ምንም አልፈየደልኝም።

ለምን እንዳልሰራ የገባኝ ቆይቶ ሳነብ ነው። ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ቅጣት ድርጊቱን ለጊዜው ያፍነዋል እንጂ በምትኩ ምን እንደሚሰራ አያስተምርም ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር። አንድን ነገር የሚያስደግመን ደሞ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ነገር ነው። እኔ ጥፍሬን ስነክስ የሚቆረቁረኝ ጠርዝ ይነሳል፣ ውስጤም ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ እዛው በዛው ሰከንድ ማለት ነው። መግሉና ቁስሉ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ስለሆነ እጄ ሁለቱን አያገናኛቸውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ፣ እጄ እኔን ሳያስፈቅደኝ ነበር የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን (Nunn) የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ልማድን በሌላ ልማድ መተካት የሚል ዘዴ አውጥተው ነበር፣ መጀመሪያ ማስተዋል፣ ከዛ ለእጅ ሌላ ስራ መስጠት ነው። እኔ ማስተዋሉ ላይ ነው ረጅም ጊዜ የቆየሁት፣ እውነቱን ለመናገር ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ትንሽ ደብተር ይዤ ጣቴ አፌ በገባ ቁጥር ጭረት አደረግኩ፣ የመጀመሪያው ቀን 37 ጭረት ሆነ፣ አለቀስኩ። በሳምንቱ ግን አንድ ነገር አየሁ። ነገሩ አፌ ጋ አይደለም የሚጀምረው። በፊት አውራ ጣቴ በሌሎቹ ጥፍሮች ጠርዝ ላይ እየሄደ ሻካራ ቦታ ይፈልጋል፣ ደብተሩ ላይ ቁጥር አልገጥም ሲለኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ዝናቡን አይቼ ሳስብ፣ ስልክ ጠብቄ ሲዘገይብኝ፣ አውራ ጣቴ እየዳበሰ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ነው ወደ አፌ የሚነሳው። ያንን ዳበሳ ከያዝኩት አፌ ጋ ሳይደርስ አቆመዋለሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። ቡና ስለቅም አንድም ቀን ጣቴ አፌ ገብቶ አያውቅም። ሰፌዱ ጭኔ ላይ ሆኖ የተሰበረውንና ጥቁሩን ስለይ እጄ ስራ ላይ ነው። ስለዚ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ በትንሽ ሳህን ጥሬ ቡና አስቀመጥኩ፣ ዳበሳው ሲጀምረኝ አምስት ስድስት ፍሬ ጨብጬ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ እይዛለሁ፣ ፍላጎቱ እስኪያልፍ። ባጃጅ ላይ ደሞ ቡጢ ጨብጦ መቀመጥ ይበቃል፣ ማንም አያይም።

ሽልማቱን ያሰበችው እማዬ ናት። አንድ ጥፍር ስጋውን አልፎ ነጩ ከታየ ያንን ጣት እንሶስላ ታሞቅልኛለች፣ ሥሩን ወቅጣ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች፣ ጠዋት ስፈታው ቀልቷል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ስለዚ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ግን የቀላ ጣት አፍ ጋ ሲደርስ ታየዋለህ፣ እና ታዝንለታለህ። መጀመሪያ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ ከዛ ቀለበት ጣቴ እያለ ሄደ። የእህቴን ልጅም ጣቷን ከአፏ መምታት ትተን ፍሬ ቡናውን አስጨበጥናት፣ እኔ ሳላስተውል ከጀመርኩ ደሞ እሷ እጄን ነካ ታደርገኛለች፣ ምንም ሳትናገር፣ ስምምነታችን እንደዛ ነው።

ሐምሌ ላይ ግን ተመለሰብኝ። የግብር ወር ነው፣ የአመቱ ሂሳብ መዘጋት አለበት፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ይወርዳል፣ በሦስት ቀን አራት ጥፍር አጠፋሁ። ፓቭሎቭም ጋ ይሄ ነበር፣ ጠፋ የተባለ ልምድ እረፍት ካገኘ በኋላ በራሱ ብቅ ይላል፣ ግን መጀመሪያ ከነበረው ደክሞ ነው የሚመጣው። ይሄን ማወቄ አዳነኝ፣ አለቀልኝ ብዬ ሁሉንም እንዳልተው። ደብተሩን እንደገና አወጣሁ፣ 9 ጭረት፣ ከዛ 6፣ ከዛ 2።

ቅዳሜ ጅማ ሄርማታ ገበያ ወርጄ በህይወቴ የመጀመሪያውን ጥፍር መቁረጫ ገዛሁ። ማታ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አንጥፌ የዘጠኝ ጣት ጥፍር ቆረጥኩ፣ የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ እያንዳንዷን ቁራጭ ለቀመች። የግራ አውራ ጣቴ ገና ነው፣ የሚቆረጥ የለውም። እሷ ግን ለካችውና "አክስቴ፣ ይሄኛው ትንሽ ቀርቶታል" አለችኝ።