አራት ሳጥን
ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእህቴን ልጅ የመመረቂያ ሙከራ ስናቅድ ዋልን። ጫጫታና እንቅልፍ ማጣት ቃላት ማስታወስን ይጎዳሉ ወይ ነው ጥያቄዋ። ለየብቻ ልትሞክራቸው ነበር። ደብተሯ ላይ አራት ሳጥን ሳልኩላት፦ ጸጥታ ከእንቅልፍ ጋር፣ ጸጥታ ያለ እንቅልፍ፣ ጫጫታ ከእንቅልፍ ጋር፣ ጫጫታ ያለ እንቅልፍ። ሁለቱን በአንድ ሙከራ አጣምሮ መፈተኑን ባለ 2 በ2 ፋክቶሪያል ዲዛይን ይሉታል። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1926 እ.ኤ.አ. ለእርሻ ሙከራ የተሟገተለት መንገድ ነው።

እኔ የምወደው መስተጋብሩን ነው፤ የአንዱ ውጤት እንደ ሌላው ሁኔታ ሲለያይ ማለት ነው። ጫጫታው በደንብ የተኛውን ሰው ምንም ላያደርገው ይችላል፤ ያልተኛውን ግን ጭራሽ ሊያደናብረው ይችላል። ለየብቻ ብትሞክራቸው ይሄ ከየት ይታያል?

ታች ብረት ቆራጩ ጀመረ። "አክስቴ፣ ጫጫታውንስ አገኘነው" አለችኝ። ከዚያ ማን የትኛው ሳጥን እንደሚገባ የሚለይበትን የዕጣ ወረቀት መቁረጥ ጀመርን።