ቢርያኒ ይነባበራል እንጂ አይማሰልም

ሻርጃ ስኖር ፊት ለፊታችን ከህንድ ሃይደራባድ ከተማ የመጣ ቤተሰብ ነበር፣ ሴትየዋን ሁላችንም አፓ ነበር የምንላት፣ በነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። አርብ አርብ ኮሪደሩ በሙሉ በተጠበሰ ሽንኩርትና በናና ሽታ ይሞላል፣ የኔም እረፍት አርብ ስለነበር ገብቼ ከጎኗ ቆሜ እያየሁ ነው የተማርኩት፣ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ነገር የለም። አሁን አዲስ አበባ ከገባሁ 4 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቢርያኒ በሰራሁ ቁጥር ፎቶ እልክላታለሁ፣ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው፣ "ክዳኑን ከፍተሽ ነበር?"

ነገሩ ያለው እዛ ላይ ነዋ። እዚህ ብዙ ቦታ ቢርያኒ ተብሎ የሚቀርበው ሩዝ ከዶሮ ጋር ተማስሎ ቢጫ የሆነ ነገር ነው፣ ሊጣፍጥ ይችላል ግን ቢርያኒ አይደለም። ከታች ስጋው ከነቅመሙ ይሆናል፣ ከላይ ለብለብ የተደረገ ሩዝ ይደረደራል፣ ከዛ ድስቱ ይታሸግና ሁለቱም በራሳቸው እንፋሎት ይበስላሉ። ይሄን አበሳሰል ነው እነሱ "ደም" የሚሉት፣ ሲጠሩት ልክ እንደኛ ደም ነው የሚሰማው፣ ትርጉሙ ግን ትንፋሽ ነው። አፓ ይሄን ስትነግረኝ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፣ ድስቱ ከተከፈተ ትንፋሹ ይወጣል፣ በቃ።

ሁለት አይነት አሰራር አለ። ፓኪ የሚሉት ስጋው ቀድሞ በስሎ ከሩዙ ጋር የሚነባበረው ነው፣ ካቺ የሚሉት ደግሞ ስጋው በእርጎና በቅመም ተለውሶ ይቆይና እንደጥሬው ከታች የሚገባው፣ ሃይደራባድ የምትታወቀው በሱ ነው፣ እኔም የምሰራው እሱን ነው። ታዲያ እዚህ ለምትሰሩ ሰዎች፣ የሀበሻ ዶሮ ለዶሮ ወጥ እንጂ ለካቺ አይሆንም፣ ሩዙ በሚበስልበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ እሱ ገና ጎማ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ግዙ፣ 1 ኪሎ ገደማ፣ ከነአጥንቱ በትልልቁ ይቆረጥ። በሎሚና በጨው እንደለመድነው እጠቡት ግን ከዛ ውሃውን ጥሩ አድርጋችሁ አንጠፍጥፉ፣ ውሃ ከያዘ እርጎው ይቀጥንና ከታች ሾርባ ይሆናል።

መለወሻው 1 ኩባያ ወፈር ያለ እርጎ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ድምብላል፣ ከሙን፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ብዙ ናና። በርበሬ ላይ ግን እለምናችኋለሁ የወጥ በርበሬያችሁን አታስገቡ፣ ተቀምሞ የተፈጨ ስለሆነ ጣዕሙን ጎትቶ ዶሮ ወጥ ያደርገዋል፣ ያልተቀመመ ዛላ በርበሬ ብቻውን የተፈጨ ይሁን። ቅቤም እንደዛው ነው፣ ኮሰረት የገባበት ቅቤ በጣም እወዳለሁ ግን እዚህ ቦታው አይደለም፣ ለጋ ቅቤ ያለምንም ቅመም አንጥሩ። ኮረሪማም በሄል ቦታ አይገባም፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ ሽታቸው ሌላ ነው።

ሽንኩርቱ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። 4 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቁመቱ በስሱ ተከትፎ ዘይት ውስጥ እየተገላበጠ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል፣ እኛ ለቁሌት ሽንኩርት እስኪሟሟ ነው የምናቁላላው፣ ይሄ ግን ደርቆ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት፣ ደግሞ ከዘይት ከወጣ በኋላም መጥቆሩን ስለማያቆም ወርቃማ ሲሆን ቶሎ አውጡት፣ አንድ ደቂቃ ካሳለፋችሁ ይመራል። ግማሹ በእጅ ተፈርፍሮ ዶሮው ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ለመደርደሪያ ይቀመጣል፣ የተጠበሰበት ዘይትም አይደፋም፣ ዶሮው ላይ ጨምሩት። ሁሉም ተለውሶ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

አሁን ሩዙ። የመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ስሰራ የፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ዶሮ ወጡ የሰለቻቸው እንግዶች ጠርቼ፣ ሩዙን እንደማንኛውም ሩዝ ሙሉ በሙሉ አብስዬ ደረደርኩት፣ ስከፍተው ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ያን ሁሉ ቀን የደከምኩበት ነበር። ስለዚህ ስሙኝ፣ 3 ኩባያ ባስማቲ፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠብና 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ ከዛ ብዙ ውሃ ከሄልና ከቀረፋ ጋር አፍሉ፣ ጨዉ ውሃው ሲቀመስ በደንብ እስኪታወቅ ድረስ ይሁን፣ ሩዙን አስገቡና ከ5 ደቂቃ በኋላ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በጣት ተጫኑት። ዳር ዳሩ ለስልሶ መሃሉ ላይ ነጭ ጥሬ ነገር ካለ ያኔ ነው ሰዓቱ፣ ወዲያው በወንፊት አጥልሉት፣ የቀረውን እንፋሎቱ ይጨርሰዋል።

ድስቱ ወፍራምና ሰፊ ይሁን። ዶሮው ከነእርጎው ከታች ይነጠፍ፣ ላዩ ላይ የሩዙ ግማሽ፣ ከዛ ናና፣ የድምብላል ቅጠል፣ የተጠበሰው ሽንኩርት፣ ከዛ የቀረው ሩዝ፣ አሁንም ሽንኩርት፣ 3 ማንኪያ ቅቤና ለብ ባለ ወተት የተዘፈዘፈ ሳፍሮን እዚም እዛም ጠብ ጠብ ማድረግ። ሳፍሮን ውድ ነው፣ ከሌለ ትንሽ እርድ በወተት ቀለሙን ይሰጣል፣ ሽታውን ግን አይተካም። ሩዙን አትጫኑት፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። የካልካታዎቹ ድንችም ይጨምራሉ፣ የህንዷ ላክናው ከተማ ላይ ይነግሥ የነበረው ዋጂድ አሊ ሻህ በ1856 እንደ ፈረንጆቹ በእንግሊዞች ከዙፋኑ ወርዶ ካልካታ ሲገባ የላክናው ምግብ አብሮት እንደገባ ይነገራል፣ ልጆቼ ድንች ስለሚወዱ እኔም አንዳንዴ አደርጋለሁ።

የክዳኑን ዙሪያ በዱቄት ሊጥ ድፍን ነው የማደርገው። መጀመሪያ 7 ደቂቃ ገደማ ጠንከር ባለ እሳት፣ ድስቱ ውስጥ መንጠቅጠቁ ሲሰማኝ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ከድስቱ ስር ጠፍጣፋ መጥበሻ አስገባለሁ፣ ያለዚያ ከታች ያራል፣ ከዛ 30 ደቂቃ። ከሰል ካላችሁ ደግሞ በጣም ደስ ይላል፣ የድሮዎቹ ክዳኑ ላይ ፍም ያደርጉ ነበር፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት። እሳቱን አጥፍቼ 15 ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እየመጣ ቢጠይቀኝም አልከፍትም።

ሲወጣ ሰፋ ባለ ጭልፋ ከዳር ወደ ታች ገብታችሁ ከስር ዶሮውን ከነሩዙ አንሱ፣ ነጩ ቢጫውና ቡናማው ለየብቻው መታየት አለበት። ከጎኑ እርጎ ከተከተፈ ኪያርና ከናና ጋር ብቻ ይበቃዋል። ከተረፈ በማግስቱ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጌበት ከድኜ በትንሽ እሳት አሞቀዋለሁ፣ ቅመሙ ሲያድር ገብቶ ስለሚጠነክር እንደውም እኔ የማግስቱን ነው የምመርጠው።