ድምፅ ከመውጣቱ በፊት

ለክረምቱ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነኝ። ብርዱን አትጠይቁኝ። ጋቢ ደርቤ የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት እያሰብኩ ነው።

ኳየር መምራትና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃ ማስተማር ዕድሜዬን በልቷል፤ ደስ ብሎኝ ነው የበላው። ሰው የሚያየው እጄን ነው። ሥራው ግን ጆሮ ላይ ነው፣ ያውም ድምፅ ከመውጣቱ በፊት። እጄ ሲነሳ ሁሉም አብረው አየር ይስባሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስባለሁ፤ እኔ ትንፋሼን ከቋጠርኩ የእነሱም ጉሮሮ ይቋጠራል።

አንዴ ተማሪዎቼን ከአዲስ አበባ እዚህ አመጣኋቸው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ይሳሳል። ባሶቹ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች፣ ረጅሙ የዜማ ሐረግ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ተራ በተራ እየሰረቁ እንዲተነፍሱ አደረግኩ፤ አንዱ ሲስብ ጎኑ ያለው ድምፁን ይይዝለታል፣ አድማጭም አያውቅም። ለዚህ ግን የጎንህን ሰው መስማት አለብህ። ዓይኑን ወረቀት ላይ የተከለ ልጅ ይሄን አይችልም።

እኔ መስማት የተማርኩት መንዝ ነው፣ የኔታ እግር ሥር። እሳቸው ያዜማሉ፣ እኛ እንቀበላለን፤ ካበላሸን እንደገና። ድጓው፣ የዜማ መጽሐፉ፣ ላይ የዜማ ምልክት አለ፦ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሌላም። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት ነው የሚባለው። ምልክቱ ግን የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ለያዘ ሰው ነው። ማኅሌት ላይማ ቀኝና ግራ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ወገን ሲያነሳ ሌላው ሲቀበል፣ መቋሚያው እኩል ሲወርድ፣ ከበሮው ዝግ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ ሁሉም እርስ በርስ ይደማመጣሉ። በኋላ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ ሶልፌጅ፣ ማለት ኖታን በዶ ሬ ሚ እያነበቡ መዝፈን፣ ስጀምር ጆሮዬ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ኖታ እወዳለሁ። የጀርመኑን አቀናባሪ ባኽን አስተምራለሁ፣ በፍቅር። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ትዝታን፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን፣ ለኳየር ሲያቀናብሩ እሱ ውስጥ የሌሉትን ፋ እና ሲን ጨምረው የፈረንጅ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይሞሉበታል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ አለቀ። ቅኝቱ ውስጥ እያሉም ሁለተኛ ድምፅ ማውጣት ይቻላል። ለጀማሪ የማሳየው እንዲህ ነው፦ ሶፕራኖ፣ ቀጭኑ የሴት ድምፅ፣ ዜማውን ትያዝ፣ አልቶ፣ ወፈር ያለው የሴት ድምፅ፣ ከታች ከቅኝቱ አንድ ድምፅ ዘላ ትከተላት። ሶፕራኖ ሚ ስትል አልቶ ዶ፣ ሶል ስትል ሬ፣ ላ ስትል ሚ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚ እና የዶ ብቻ ሦስተኛ ነው (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ተብሎ ሲቆጠር)፣ የቀሩት በሙሉ አራተኛ ይሆናሉ፤ ድምፁ ክፍት ነው፣ እንደ መንዝ ሜዳ። ልጆቹ መጀመሪያ ሲሰሙት እርስ በርስ ይተያያሉ። ያቺን ቅጽበት እወዳታለሁ።

አንቺ ሆዬ በሚባለው ሌላው ቅኝት ላይ ግን ያው ዘዴ ይጎረብጣል። ዶ ላይ ሲደረስ ከታች ሶል ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሶል) ይመጣና ጆሮ ይቆረቁራል። እዚያች ጋ ሁሉንም አንድ ድምፅ ላይ እሰበስባቸዋለሁ፣ ሶፕራኖውም ባሱም ዶ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይሄን ድህነት ይሉታል። በጭራሽ አልስማማም። ብዙ ሰው አንድ ድምፅ ላይ በትክክል ሲገናኝ ክፍሉ ይሞላል፣ እሱን ማግኘት ደግሞ ከአራት ድምፅ ይከብዳል።

ለመስከረም የወሰንኩት ይሄ ነው። ፒያኖው ተከድኖ ይቆያል። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ ቀኝና ግራ አቆማቸዋለሁ፣ እኔ አዜማለሁ፣ አንዱ ወገን ይቀበላል፣ ለሌላው ያቀብላል። ኖታው ጥቅምት ላይ ይታደላል። የትምህርት ዕቅዱ (ሲላበሱ) ግን በመጀመሪያው ሳምንት የኖታ ንባብ ይላል፤ ነገ ጠዋት ቁጭ ብዬ እሱን ማስተካከል አለብኝ።