ወደ ኋላ የሚዞረው ማራገቢያ

የሲግናልና ሲስተም ኮርስን በወሰድኩበት ሴሚስተር፣ የባሕር ዳር ሙቀት በበረታበት በሚያዝያ ወር፣ የናሙና አወሳሰድን (ተከታታይ ሲግናልን በየተወሰነ ጊዜ እየለኩ መያዝን) ምዕራፍ ከሰሌዳው ይልቅ በደንብ ያስረዳኝ የተከራየሁት ክፍል ማራገቢያ ነበር። ባለ 3 ክንፉን ማራገቢያ በስልኬ በሰከንድ 30 ምስል ስቀርጸው፣ ወደ ቀኝ የሚዞረው ነገር በቪዲዮው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲዞር አየሁ። ማራገቢያው በሰከንድ 9 ጊዜ ዞረ እንበል፤ ክንፎቹ አንድ ዓይነት በመሆናቸው ያው ቅርጽ በሰከንድ 27 ጊዜ ይደጋገማል፤ ይህን በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ በላይ፣ ማለትም በሰከንድ ከ54 በላይ ናሙና ስለሚያስፈልግ፣ 30 ብቻ የሚወስደው ካሜራ ከ30 ላይ 27 ሲቀነስ የሚቀረውን 3 ኸርዝ (በሰከንድ 3 ድግግሞሽ)፣ ያውም አቅጣጫው ተገልብጦ፣ ያሳያል። አሊያሲንግ የሚባለው ይህ ነው። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚይዘውም የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ስለሚሰማ ነው።

ኮንቮሉሽን (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ የግብዓት ቅንጣት የሚሰጠውን ምላሽ መደመር) ግን የገባኝ ጣና ዳር፣ ደንገል ከሚደርቅበት አጠገብ ተቀምጬ ጠጠር ስወረውር ነው፤ እያንዳንዱ ጠጠር የራሱን ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቶቹም ሲገናኙ ይደመራሉ። ኢንቴግራሉን መፍታት በእርግጥ ሌላ ጣጣ ነው።