ታጥቦ ታጥቦ የሚለሰልስ

ሰው ከመንገድ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ሽቶ፣ ጫማ፣ ቸኮሌት ይገኛል። የእኔ ሻንጣ ሲከፈት ጨርቅ ነው። ግማሽ ያርድ ከዚህ፣ ሩብ ያርድ ከዚያ። ባለቤቴ ድሮ «ደግሞ ይኼን የት ልታደርጊው ነው?» ይለኝ ነበር። አሁን ዝም ብሎ ቁም ሳጥኑን ይከፍትልኛል።

የምሠራው ክዊልት ነው። ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጠማል፣ ከሥሩ ገበር ይደረግለታል፣ መሃሉ ላይ የተዘረጋ ጥጥ ይገባል። ሦስቱ አብረው ሲሰፉ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ይሆናል። ሜሪላንድ እንደመጣሁ ሰሞን ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰብስበው የሚሰፉ ሴትዮዎች አስተማሩኝ። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። መርፌ መያዝ ግን እችላለሁ፤ እሱ በቂ ሆነ።

ለዓይን ብቻ የሚሰፋ ክዊልት ከመጀመሪያውም አላጓጓኝም። እኔ የምወደው ሰው ሶፋ ላይ ተጠቅልሎበት እንቅልፍ የሚወስደውን፣ ልጅ መሬት ለመሬት የሚጎትተውን፣ ሻይ ቢደፋበት ማንም የማይጮህበትን ነው። ለስላሳ ካልሆነ ምን ያደርጋል?

ይህንን ይዤ ነው እንግዲህ የምዞረው።

ፓዱካ የሄድነው በሚያዝያ ነው። ኬንታኪ ውስጥ፣ የቴነሲ ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። በክዊልት ሰፊዎች ዘንድ ግን ፓዱካን ያላየ ሰው ገና እንዳልጀመረ ይቆጠራል። ከ1985 ጀምሮ በየጸደዩ ትልቅ ኤግዚቢሽን ይደረግባታል። ብሔራዊ የክዊልት ሙዚየምም በ1991 የተከፈተው እዚያ ነው። ዩኔስኮ ደግሞ በ2013 በእደ ጥበብ ከፈጠራ ከተሞች መሃል መዝግቧታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘት መከራ ነው። እኛም ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር ያደርነው።

አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች ይዞራሉ። መንካት ክልክል ነው። ጀርባውን ማየት የፈለገ እነሱን ይጠይቃል፤ ጠርዙን በሁለት ጣት አንስተው ያሳያሉ። አንዱ ክዊልት ፊት ብዙ ቆምኩ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ በሁለት መስመር መሃል የጥፍር ያህል ቦታ የለም። አፍ ያስከፍታል። ግን ሴትየዋ ጫፉን ስታነሳው ጨርቁ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ቀረ። ስፌት ሲበዛ ክዊልት ይደርቃል። ያንን ለብሶ ማን ይተኛል? ምቀኝነት ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከርም።

ልቤ ያለው ሱቆቹ ውስጥ ነው። ጣቃ በጣቃ ላይ ተደርድሮ፣ ከወለል እስከ ጣራ። ጓደኛዬ ቀለም ስታማርጥ እኔ ጉንጬ ላይ እያደረግሁ እሞክራለሁ። የሰፊ ጣት ደንድኗል፤ ልስላሴ አይነግርም። ጉንጭ አይዋሽም። ሻጮቹም ለምደውታል መሰለኝ፣ ዘወር ብሎ ያየኝ የለም።

አሁን ስለ ልስላሴ ትንሽ ላውራ፤ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ።

የመጀመሪያው ነገር ፍላኔል ነው። ሞቅ ያለ ፒጃማ የሚሰፋበት ጨርቅ ማለት ነው። ከተራው ጥጥ የበለጠ ስለሚሰበሰብ ሳላጥበው አልቆርጠውም። ደግሞም በጠርዙ በኩል ይተረተራል። ስለዚህ የተለመደውን ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ መስፋት ትቼ ግማሽ ኢንች ገባ ብዬ እሰፋለሁ። ከዚያ ሚንኪ አለ፤ ያ የሕፃን ብርድ ልብስ ላይ የምታዩት ፀጉራም ፖሊስተር። ሚንኪ አይሰበሰብም፣ አይጨማደድም፣ ነገር ግን አመለኛ ነው። ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል፣ ፀጉሩ ወደ አንድ በኩል ብቻ ይተኛል። አንዱን ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች አድርጎ የሰፋ ሰው ክዊልቱ ሁለት ቀለም ይሆንበታል። ካውያማ አይነካውም፤ ይቀልጣል። ሲቆረጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ስለዚህ የተቆረጠውን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አዞረዋለሁ፤ ብናኙን ወንፊቱ ይይዝልኛል። ስሰፋ እስፒል አልቆጥብም። መኪናዬ ላይ የላዩንና የታቹን ጨርቅ እኩል የሚጎትት እግር እገጥማለሁ፤ የስፌቱን ርዝመት ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል እወስደዋለሁ። አጭር ስፌት ሚንኪን ያኮማትረዋል።

ሰው የሚረሳው ግን መሃሉን ነው። ውድ ጨርቅ ገዝቶ መሃሉ ላይ ያገኘውን ይከታል። አንዳንዱ ጥጥ እንዳይበታተን ስስ መረብ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ጠንካራ ነው፤ ልስላሴው ግን ያን ያህል ነው። መረብ የሌለበት ይሻለኛል። ማሸጊያው ላይ «ስፌቱን እስከዚህ ያህል ኢንች ማራራቅ ይቻላል» ተብሎ ይጻፋል፤ 8 ወይም 10 ኢንች የሚሉ አሉ። የሚያራርቀውን እመርጣለሁ። ስፌቱ በራቀ ቁጥር ክዊልቱ ሰውነት ላይ ይወድቃል፣ ይጠቀለላል።

ለክርስትና ስጦታ የምትሰፉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። እዚህ የሕፃናት ሐኪሞቹ ዓመት ያልሞላው ልጅ አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስም ትራስም አይግባ ይላሉ። ለመታፈን ያጋልጣል። እኔ ስሰጥ «ለወለል ነው፣ በሆዱ ተኝቶ እንዲጫወትበት» እላለሁ። አያቶቹ ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው፤ ዓመት ሲሞላው ይለብሰዋል።

ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ስሄድ ለእማዬ አንድ ይዤላት ሄድኩ። ለመንገዱ የእጅ ሥራ ያዝኩ፤ በወረቀት ላይ የሚጠለፉ ትናንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች። ከአሜሪካ ሲነሱ አውሮፕላን ላይ መርፌ አይከለከልም፣ መቀሱም ምላጩ ከ4 ኢንች በታች ከሆነ ያሳልፉታል። አጠገቤ አንድ ትልቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሲያልቅ ምን ይወጣዋል?»

«ብርድ ልብስ ነው፣ እናቴ።»

«በዚህ አካሄድሽ?» ብለው ሳቁ።

መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ክሩ አልገባ ብሎኛል። እጃቸውን ዘረጉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወረዱ፣ የክሩን ጫፍ በከንፈራቸው አረጠቡ፣ በሁለት ጥፍር አሾሉት፣ አንዴ አስገቡት። ከዚያ በኋላ መርፌውን አልመለሱልኝም። እስክንደርስ ድረስ እሳቸው ሰፉ፣ እኔ ጨርቁን በወረቀቱ ላይ አጠፍኩ። የእሳቸው ስፌት ከእኔ ይበልጣል። አሁን የትኞቹ የእሳቸው እንደሆኑ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ።

እማዬ ክዊልቱን ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያደረገችው መገልበጥ ነው። «ፊቱስ አምሯል፤ ገበሩን ልየው።» የፓዱካ ሴቶች ጓንት ለብሰው የሚያደርጉትን በባዶ እጇ አደረገችው። ቀጥላ፣ «ደህናውን ጨርቅ ቀዳዶ መልሶ መስፋት ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ክረምት ስለነበር ግን ማታ ደርባው ተኛች። ጠዋት አልመለሰችልኝም።

እማዬ በደህናው ዘመን ፈታይ ነበረች። ጥጡን ትፈለፍላለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች። ጋቢ ስታሠራ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆንና ማጉ የእሷ ፈትል ነው። አራት ድርብ ሆኖ ከሸማኔ ሲመጣ ትንሽ ይከረክራል። እሷም አትቸኩልም። «ይታጠብ እንጂ» ትላለች። ሦስት አራት ጊዜ ውኃ ሲያይ ያ ጋቢ ሌላ ይሆናል። ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፣ ገላ ያውቃል። የክዊልትም ነገር ያው ነው። መሃል ያለው ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ፊቱ ላይ ጭርምትምት ያወጣል። ፈረንጆቹም ለዚህ ሲሉ ነው የሚያጥቡት። ፓዱካ ያየኋቸው ባለ ሽልማቶች አንድ ቀን እንኳን ውኃ የሚነካቸው አልመሰለኝም።

ጊስ ቤንድ ሌላ ታሪክ ነው። አላባማ ውስጥ ያለች ትንሽ የጥቁሮች መንደር ናት፤ ወንዙ በሦስት በኩል ይዞራታል። ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ፣ ከካምደን፣ በጀልባ ተሻገርን። አሁን ጀልባው በባትሪ ነው የሚሄደው፣ ድምፅ የለውም። ይህ ጀልባ በ1962 ተቋርጦ ነበር። የጊስ ቤንድ ጥቁሮች ተሻግረው ለምርጫ መመዝገብ በጀመሩበት ጊዜ ነው የቆመው። የተመለሰው በ2006 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰው ከፊት ለፊቱ ወደሚታየው ከተማ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይዞር ነበር። ወንዙ መሃል ሆኜ ይህን ሳስብ ቁጭት ያዘኝ። የሰው ተንኮል ማለቂያ የለውም።

የጊስ ቤንድ ሴቶች ክዊልት የሚሰፉት ቤታቸው ስለሚበርድ ነበር። የእንጨቱ ግድግዳ ንፋስ ያሳልፋል፤ ጋዜጣ እየለጠፉ ይደፍኑት ነበር። ጨርቃቸው የሥራ ልብስ ነው። ያለቀ ሱሪ፣ ያለቀ ሸሚዝ፣ የዱቄት ጆንያ። አንዳንዱ ክዊልት ላይ ጂንሱ ሁሉ ነጥቶ፣ ኪሱ የነበረበት ቦታ ብቻ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ክዊልት ሠራች። ልታስታውሰው፣ ደግሞም ልትለብሰው። ልጇ አርሎንዚያ ናት ታሪኩን ያወራችው።

በ1966 ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 ሲርስ የተባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት ከኮርዶሮይ፣ ከዚያ መስመር መስመር ካለው ወፍራም ጨርቅ፣ የሚሰፋ የትራስ ልብስ አዘዛቸው። የተረፈውን ቁርጥራጭ ቤታቸው ወሰዱ። እኔ ከሁሉም የምወዳቸው ከዚያ ቁርጥራጭ የተሠሩትን ነው። ቡናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚሞቅ። በ2002 ክዊልቶቹ ሂውስተን ከዚያም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀሉ፤ በ2006 ፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። ደስ ይላል። ለብርድ የተሰፋ ነገር ነጭ ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሆዴ ይባባል። ከሥሩ የሚተኛ ሰው የለማ።

ሐሪየት ፓወርስን የምታውቋት ይኖራላችሁ። ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ቆርጣ የለጠፈችበት ክዊልቷ ዛሬ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ውስጥ ነው። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የክርስቶስ ጥምቀት፣ ይሁዳ ከብሩ ጋር። በ1886 አውደ ርዕይ ላይ ሲያዩት ሽጪልን ብለው ቢጠይቋት እምቢ አለች። ኋላ ሲቸግራት 10 ዶላር ጠየቀች፤ በ1891 በ5 ዶላር ለቀቀችው። ከሸጠችው በኋላ እየሄደች ታየው ነበር።

እኔ የማልሸጠው ለዚህ ነው ብል ማጋነን ይሆናል። የማልሸጠው ሒሳቡ ስለማያዋጣ ነው። የጨርቁን፣ የጥጡን፣ የክሩን ደምሬ የሰዓቱን ስጨምርበት ማንም ሐበሻ የሚከፍለው ዋጋ አይወጣም። «ለአንቺ ምንሽ ነው፣ እጅሽ ላይ ያለ ነገር!» ይሉኛል። ስለዚህ ወይ እሰጣለሁ፣ ወይ እምቢ እላለሁ።

ሰሞኑን እምቢ ያላልኩት አንድ አለ። ጓደኛዬ የአባቷን ተዝካር አውጥታ ከጎንደር ተመለሰች። የያዘችው ሸሚዞቹንና ጋቢውን ነው። ሸሚዞቹ ፊት ይሁኑ፣ ጋቢው በጥጡ ፈንታ መሃል ይግባ አለችኝ። ጋቢው መሃል ከገባ ማን ያገኘዋል? ገበር ይሁን አልኳት፤ ገላዋን የሚነካው እሱ ይሁን። መኪናም አላስነካውም። የእጅ ፈትል ስለሆነ ይለጠጣል። እዚህም እዚያም በእጄ እየቋጠርኩ ነው የማያይዘው። የተቋጠረ ክዊልት ከተሰፋው ይበልጥ ይለሰልሳል።

አሁን የተጣላነው በእጥበት ነው። እሷ ምንም እንዳይታጠብ ትፈልጋለች፤ የአባቷ ጠረን አለበት። እኔ ደግሞ ያልታጠበ ነገር አልቆርጥም። ኋላ ሸሚዙ በልኩ ይቀርና ጋቢው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ይጣመማል። አንዱን ሸሚዝ እንዳለ በፌስታል አስረሽ ለራስሽ አስቀምጪ፣ ሌላውን ስጪኝ አልኳት። ላስብበት ብላለች። ደግሞ ለፋሲካ ይድረስልኝ ትላለች። በእጅ ተቋጥሮ ለፋሲካ!